የእመቤቲቱን ሥዕል በስንት ዓይን እንየው?

አንዲት የተከበረች ወይዘሮ ሐር ለብሳ፣ ጌጧን አድርጋ፣ በሠዓሊ እጅ ተሥላ ከግድግዳ ላይ ስትሰቀል ለተመልካቿ የምታቀርበው ጥያቄ ምንድን ነው? ጥያቄው የውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ በቀለለ ነበር፤ አምራለች ወይም አላማረችም ብሎ ማለፍ ይቻላልና። እኛ ግን ከአገራችን ርቀን በሰው አገር የምንኖር ተማሪዎች የእመቤቶችን ሥዕል እንዲህ በዋዛ ማየት አልለመድንም። የመጣንበት ኅብረተሰብ ታሪክ ከያንዳንዱ የሐር ክር በስተጀርባ አንድ ገባር እንዳለ አስተምሮናል። ስለዚህ ጥያቄው በመሠረቱ የፍርድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ከሌላው ላብ የተገኘ ጌጥ የለበሰ ሰው ሲገጥመን የምናየው ግፉን ነው ወይስ ሰውየውን? ሁለቱን ባንድነት ለማየትስ ዓይናችን ይችላልን?

ነገሩን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የምንኖርባት አዲሰን ከዳላስ በስተ ሰሜን የምትገኝ፣ ስፋቷ ከአራት ካሬ ማይል ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ከተማ ናት። አንድ የአውሮፕላን ማረፊያና ከመቶ የሚበልጡ ምግብ ቤቶች አሏት፤ ከመካከላችንም ቀን እየተማሩ ማታ ማታ በቤልት ላይን መንገድ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ የሚያስተናግዱ አሉ። ከዚያ በክፍያው አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ በሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ውስጥ የሜዶውስ ቤተ መዘክር ይገኛል። ቬላስኬዝ በ1656 ግድም የሣላት የስጳኝ ንግሥት የማሪያና ምስል በዚያ ተሰቅላለች። (ዓ.ም. ብለን ካልጻፍንባቸው በቀር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ማኅበራችን አባሎቹን ይዞ ይህችን ሥዕል ካየ ወዲህ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም።

የስጳኝ ንግሥት ቴክሳስ ምን አመጣት ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ የነዳጅ ዘይት። አልገር ሜዶውስ የተባለው የዘይት ከበርቴ ለሥራ ወደ ማድሪድ ሲመላለስ ፕራዶ የተባለውን ታላቅ ቤተ መዘክር አዘውትሮ እየጐበኘ የስጳኝን ሥዕል ወደደ፤ ገዛም። በስሙ የተሰየመው ቤተ መዘክር በ1965 ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ከሰበሰባቸው ሥዕሎች ውስጥ ብዙዎቹ ሐሰተኞች መሆናቸው ታወቀ፤ ሰውየውም ኪሱን እንደ ገና ፈትቶ በባለሙያ ምክር እውነተኞቹን መግዛት ጀመረ። አዲስ ሀብታም የአሮጌ መኳንንትን ፊት ለመግዛት ሲቸኩል እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስበት አያስገርምም። ሆኖም በሰውየው መሳቁን እዚህ ላይ እንተወው፤ በገንዘቡ የተገዛውን ነገር ዛሬ የምናየው እኛም ነንና።

ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ከደረት በላይ ያለውን ብቻ ያሳያል። የተቆለለው ሰፊ ፀጉሯ ፊቷን ከግራና ከቀኝ ያጥረዋል። ጉንጮቿ እንደ ዘመኑ የቤተ መንግሥት ልማድ በቀይ ቀለም ደምቀዋል። ከንፈሯ አይስቅም። ከዚህ ፊት ስንቆም ከሁሉ አስቀድሞ የሚመጣልን ንባብ የለመድነው ንባብ ነው፤ ትክክለኛም ነው። በዚያ ዘመን የስጳኝ ዘውድ የሚተዳደረው በብዙው በዛሬዋ ቦሊቪያ ውስጥ ካለው ከፖቶሲ ተራራ በሚወጣው ብር ነበር። ብሩን የሚቆፍሩት ደግሞ ሚታ በሚባለው የግዳጅ ሥራ ከየመንደራቸው በተራ እየተነዱ የሚመጡ የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። ያ ሁሉ ብር እየተጫነ መጥቶም ዘውዱ በ1647 እና በ1652 ለአበዳሪዎቹ መክፈል አቅቶት እጁን አነሣ፤ ገንዘቡን ጦርነትና የቤተ መንግሥት ድምቀት በልተውት ነበርና። እንግዲህ በዚህች ሴት ጉንጭ ላይ ያለው ቀለምና በማዕድን ጕድጓድ ውስጥ የቀረው ሰው የአንድ ሒሳብ ሁለት ገጾች ናቸው። ይህን የማይጠይቅ የሥነ ጥበብ ትችት ቀሚስና ዳንቴል ከመቍጠር አይዘልም። የውበትን ነገር ከኑሮ ነገር ለይቶ ማየት ይገባል የሚሉትን ሊቃውንት የማንቀበለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ሒሳቡ ከተሠራ በኋላም ሴትዮዋ ከግድግዳው ላይ አልወረደችም፤ አሁንም ታየናለች። ማን ናት? በ1634 ከኦስትሪያ ነገሥታት ቤት ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች ለአጎቷ ልጅ ለስጳኙ አልጋ ወራሽ ለባልታሳር ካርሎስ ታጨች። ልዑሉ በ1646 ሲሞት እጮኛይቱ በከንቱ እንዳትቀር ተባለና የልዑሉ አባት፣ የገዛ እናቷ ወንድም፣ ንጉሥ ፊልጶስ 4ኛ በ1649 አገባት። እርሷ 14 ዓመቷ ነበር፤ እርሱ 44። ቬላስኬዝ ይህችን ሥዕል በሣላት ጊዜ 21 ዓመት ቢሆናት ነው፤ አንዲት ልጅ ወልዳ ሌላይቱን በተወለደች በጥቂት ቀን ቀብራለች። ከዚያም በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆችን በጨቅላነታቸው ቀበረች። ባሏ በ1665 ሲሞት ለሕመምተኛው ልጇ ለካርሎስ እንደራሴ ሆና ገዛች፤ በ1677 ባላንጣዎቿ ከቤተ መንግሥት አስወጥተው ወደ ቶሌዶ አጋዟት። ሁለቱ ነገሥታት ቤቶች በጋብቻ የሚለዋወጧት እንደ ውል ማኅተም ነበር፤ ጌጡም የውሉ ክብር መግለጫ እንጂ የርሷ የራሷ ደስታ ማስረጃ አልነበረም።

ይህን ስንል ማሪያናን ከደሙ ንጹሕ ናት ለማለት አይደለም። እርሷ ራሷ የተነገደባት መሆኗ በፖቶሲ የተነገደበትን ሰው ሸክም በአንዲት ምናን አያቀልለትም፤ ሥልጣን በእጇ በገባ ጊዜም ሚታ አልቀረም። ሐዘኗን አይተን ሒሳቡን እንርሳ የሚል ሰው ቢኖር የምንመልስለት ይህንኑ ነው። የእመቤቶች እንባ ሁልጊዜ ሠዓሊና ጸሐፊ ያገኛል፤ የገረዶቻቸው እንባ አያገኝም። እዚህ ላይ ከጓዶቻችን ጋር ልዩነት የለንም። ልዩነታችን የሚመጣው ቀጥሎ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት ሌላ ሥዕል እናምጣ። ቬላስኬዝ ከዚህ ቀደም ብሎ በ1650 ሮም ሳለ ሁዋን ዴ ፓሬሃ የተባለውን ሰው ሥሎ ነበር። ፓሬሃ የሠዓሊው ባሪያ ነው፤ ቀለም ይበጠብጥለት፣ ሸራ ይወጥርለት ነበር። በሥዕሉ ላይ ግን ራሱን ቀና አድርጎ፣ ክንዱን በደረቱ አሳልፎ፣ ተመልካቹን ዓይን ለዓይን ያያል። ከማሪያና ጋር ጐን ለጐን ቢቆሙ፣ ማን ንጉሣዊ እንደሆነ ያልተነገረው እንግዳ ባሪያውን ይመርጥ ነበር ብንል አላጋነንም። ቬላስኬዝ በዚያው ዓመት የነጻነቱን ወረቀት ፈረመለት፤ ነገር ግን አራት ዓመት ጨምሮ እንዲያገለግለው ከሚል ግዴታ ጋር! ከዚያ ወዲያ ፓሬሃ ራሱ ሠዓሊ ሆነ፤ በ1661 የሣለው የማቴዎስ መጠራት ዛሬ በፕራዶ ይገኛል። ያው እጅ፣ ያው ብሩሽ ባሪያውንም ንግሥቲቱንም ሣለ፤ ለሁለቱም ሙሉ ፊት ሰጣቸው። በወረቀት ላይ አራት ዓመት የቈጠረበትን ሰው በሸራው ላይ ምንም አላጐደለበትም። ይህ ሠዓሊውን ቅዱስ አያደርገውም፤ ጌታ ነበርና። የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውን አይቶ መጨረስና ለሰው በትክክል መፍረድ አንድ ሥራ አለመሆናቸውን፣ አንዱን ያደረገ ሌላውን ላያደርግ እንደሚችል ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የማሪያና የሥዕል እኅት ብንፈልግ ከጣና የተሻለ ቦታ አናገኝም። በደቅ ደሴት ላይ ባለው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከሕፃኑ እግር ሥር ወድቃ ተሥላለች። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው እርሷው ናት። የቋራዋ ወይዘሮ አፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ሕፃን ልጇን ኢያሱን አንግሣ፣ ራሷም ዘውድ ጭና፣ ብርሃን ሞገሳ ተብላ ገዛች። ከጎንደር ወጣ ብላ በቍስቋም ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠራች፤ ለካህናቱም መሬት በጉልት ሰጠች። ልጇ በ1755 ሞተ፤ የልጅ ልጇ ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ተገደለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ቍስቋም ሲደርስ ያገኛት ሥልጣኗ ከእጇ የወጣ አሮጊት ሆና ነው፤ በ1773 አረፈች። እነሆ ሁለት ንግሥታት፤ ሁለቱም ስለ ልጅ የገዙ፣ ሁለቱም ሥልጣን ከእጃቸው የወጣባቸው።

ነገር ግን የአሣሣላቸው ልዩነት ብዙ ያስተምራል። የማሪያና ሥዕል ለባለ ዘውድ ዘመዶችና ለቤተ መንግሥት አዳራሽ የተሠራ ነው፤ ተመልካቹን ከፍ ብሎ ያያል። ምንትዋብ ግን መሬት ላይ ናት። ሰዓሊው በአገሩ ልማድ የባለ ጸጋን ምስል እንዲሠራ የተፈቀደለት ባለ ጸጋው ሲሰግድ ብቻ ይመስላል። ይህን አይቶ ትሕትና ነው የሚል አለ። እኛ ግን ጥቂት እንቆይበት እንላለን። ከመሬት የወደቀችው ንግሥት የለበሰችው ልብስ የንግሥት ልብስ ነው፤ ሐሩም በምፅዋ በኩል ባሕር ተሻግሮ የመጣ እንጂ የደቅ ዓሣ አጥማጅ የሚያውቀው አልነበረም። መስገዷ ለፈጣሪ ነው፤ መታየቷ ግን ለሕዝቡ ነው፤ ቅዳሴ ሊሰማ የመጣው ባላገር ሁሉ ወደ እመቤታችን ቀና ባለ ቍጥር ከእግሯ ሥር እቴጌይቱን ያገኛታል። በትሕትና ውስጥ የተቀመጠ ይህን የመሰለ ኩራት በአውሮፓ ሥዕል ውስጥም ይገኛል፤ የናርጋው ግን የበለጠ ብልህ ነው። ያም ሆኖ ሥዕሉ ውሸት ነው ብለን አንደመድምም። ባሏን፣ ልጇን፣ የልጅ ልጇን የሸኘች ሴት ከአንዲት እናት እግር ሥር ብትወድቅ የፖለቲካ ዘዴ ብቻ ነው የሚል ሰው ሐዘን የማያውቅ መሆን አለበት።

በዚሁ በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው አንድ ሕግ አለ። ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ኃጥኣንና አጋንንት፣ ይሁዳም ጭምር፣ በጐን በአንድ ዓይን። ላልተማረው ምእመን ማን ከማን ወገን እንደሆነ ለማስረዳት ይህ ድንቅ ዘዴ ነው። ሠዓሊው ስለ ይሁዳ ተጠራጥሮ አያውቅም፤ እንዲጠራጠርም አልተጠየቀም። ይህ ሕግ ከመቅደሱ ወጥቶ ወደ አደባባይ ሲገባ ግን ምን ይሆናል?

ምን እንደሚሆን ታሪካችን አሳይቶናል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኀብ ያነሣበትን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣዎች ምስል ጋር እያፈራረቀ አሳየ። እዚህ የሚሞት ሕፃን፣ እዚያ የሚቈረስ ኬክ፤ እዚህ አጥንት፣ እዚያ ጌጥ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ስለ እመቤት ሥዕል አነባበብ የሚናገር ሰው ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያገኝም፤ ከሐር ቀሚሱ አጠገብ የሐሩን ዋጋ አምጥቶ አስቀምጧልና። የተባለው ሁሉ እውነት ነበር። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ተደብቆ መቆየቱ እውነት ነበር፤ ድግሱም እውነት ነበር። መሬት ለአራሹ ብለው በ1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጡት ተማሪዎች የጠየቁት ጥያቄም በዚያ ምሽት መልስ ያገኘ መሰለ።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ያሳየው አንድ ዓይን ብቻ ነበር፤ ሁለተኛውን ዓይን ማንም አልጠየቀም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስልሳ የሚጠጉ ባለ ሥልጣኖች፣ መኳንንትና መኮንኖች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሸኑ። የንጉሡ ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅና የቤተ ሰቡ ሴቶች ያለ ክስ ታስረው እስከ 1980 ዓ.ም. ቈዩ፤ 14 ዓመት መሆኑ ነው። የአልጋ ወራሹ ልጅ ልዕልት እጅጋየሁ በ1969 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ አረፉ። እነዚህ ሴቶች ምን አደረጉ ተብሎ አልተጠየቀም፤ ምን እንደሆኑ ይታወቅ ነበርና፤ ሥዕላቸው አስቀድሞ በጐን ተሥሏል። መደብን ማየት የታሪክ ዕውቀት ነው። መደብን አይቶ ሰውን ማሰር ግን ዕውቀት አይደለም፤ ከማስረጃው በፊት የተጻፈ ፍርድ ነው። ደግሞም ያ ሕግ በመኳንንቱ ላይ አላቆመም። በጐን መሣል አንዴ ከተለመደ ወዲያ ተማሪው ተማሪውን፣ ጓዱ ጓዱን፣ ድርጅት ድርጅትን በአንድ ዓይን እየሣለ በየአስፋልቱ ጣለው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የወደቁት ልጆች አብዛኞቹ የሐር ቀሚስ በሩቁ እንኳ አላዩም።

በዚህ ላይ ከጓዶቻችን አንዱ ያቀረበው ተቃውሞ ብርቱ ስለሆነ አናልፈውም። እናንተ ስለ ልዕልቶች ሁለተኛ ዓይን ትጨነቃላችሁ፤ ለመሆኑ የገባሩን አንደኛውን ዓይን የሣለለት ማን ነው? ይላል። በናርጋ ግድግዳ ላይ እቴጌይቱ ስትታይ የደቅ አራሽ የታለ? በሜዶውስ አዳራሽ ውስጥ የፖቶሲ ቈፋሪ የታለ? ፊት የተሰጣት ሴት አንሷታል ብላችሁ ልብ ትጨምሩላታላችሁ፤ ፊት የተነፈገው ግን እንደ ተነፈገ ይቀራል ነው ነገሩ። ለዚህ ተቃውሞ ቀላል መልስ የለንም፤ ለድሀው ፊት ሁለት ዓይን የሚሰጥ ሠዓሊ ዘግይቶ የመጣ መሆኑንም እንቀበላለን። ሆኖም ከእመቤቲቱ ላይ አንድ ዓይን ቢወሰድ ያ ዓይን ለገባሩ አይተላለፍም። ዓይን እንደ መሬት ተወርሶ የሚከፋፈል ነገር አይደለም። ማርቆ የሚያይ ሰው ሁለቱንም ያያል፤ ማየት የተወ ሰው ደግሞ ከሁለቱ አንዳቸውንም አያይም። ለዚህ ማስረጃ በ1977 ዓ.ም. ከኮረም ወጥቶ ዓለምን ያስለቀሰው ምስል ይበቃል። በዚያ ምስል ውስጥ የነበሩት በሺ የሚቈጠሩ የአገራችን ሰዎች ለተመልካቹ ስም አልነበራቸውም፤ ረኀብ ብቻ ነበሩ። እርሱም በጐን የተሣለ ሥዕል ነው፤ ልዩነቱ በጥላቻ ፈንታ በርኅራኄ መሣሉ ነው።

ይህን ነገር ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው የለም። ስደተኛ በማመልከቻው ላይ ከሚለጠፈው ጕርድ ፎቶግራፍ በቀር ሥዕል የለውም፤ ያችንም የሚያየው ባለ ሥልጣን እስከ 2004 ድረስ ይፈልግ የነበረው ጆሮው መታየቱን ነበር። በቤልት ላይን መንገድ የሚያስተናግዱት ጓዶቻችን ማታ ማታ ጌጣቸውን አድርገው ለሚመጡ የዳላስ ወይዘሮዎች ሳህን ያቀርባሉ። አንዳንዷ ቀና ብላ ታመሰግናለች፤ ብዙዎቹ ሳህኑ በራሱ እግር የመጣ ይመስላቸዋል። ከነዚህ ጓዶች አንዱ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሲናገር፣ ከነዚያ ሴቶች የአንዲቱ እጅ ሹካ ስታነሣ ይንቀጠቀጥ እንደነበርና እርሷም በሌላው እጇ ሸፍና ለመደበቅ ስትጣጣር ማየቱን ነገረን። ጉርሻ ግን አልሰጠችውም። ሁለቱንም ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገረ፤ አንዱ ሌላውን አላስረሳውም። ቬላስኬዝ ቢሰማው ይገባው ነበር።

አሁን በማኅበራችን ዘንድ የቀረበው ጥያቄ የሚከተለው ነው። የናርጋው የምንትዋብ ምስል ትልቅ ግልባጭ ተገኝቷል፤ በምንሰበሰብበት ክፍል ይሰቀል ወይስ አይሰቀል? ግማሾቹ የባላባትን ምስል በተማሪ ማኅበር ግድግዳ ላይ መስቀል ለአራሹ የተነሡትን መካድ ነው ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ ከአገራችን ጥበብ እጅግ ካማሩት አንዱ ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም ባይ ናቸው። እኛ ይሰቀል ከሚሉት ወገን ነን፤ ያለ ማብራሪያ ከሚሉት ግን አይደለንም። ከሥዕሉ ግርጌ የእቴጌይቱ ስም፣ የሞቱባት ልጅና የልጅ ልጅ ስም፣ በጉልት የሰጠቻቸው መሬቶች ስምም ይጻፍ ብለናል፤ ሁሉም በአንድ መጠን ፊደል። የጎንደርን የመሬት መዛግብት በትምህርታቸው ምክንያት የሚያገላብጡ ሁለት አባሎቻችን የመሬቶቹን ስም መሰብሰብ ጀምረዋል። ዝርዝሩ ከታሰበው በላይ እየረዘመ ስለሄደ ግልባጩ አሁን በክፍሉ ጥግ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል፤ ለጽሑፉ የሚበቃ ሰፋ ያለ ክፈፍም እየተፈለገለት ነው።